የዕፅዋት መዝገብ

መዝጋቢዋ ከመድረሷ በፊት ዘርትሁን መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ባሏ ደምመላሽ መስኮት ካየ አንገቱ ወደ ፀሐይ ይዞራል።

በድርቁ ዓመት ሰው ሁሉ ረሃብ የሚያስረሳውን አረንጓዴ መርፌ ተወግቷል። ደምመላሽ ግን ይኸው ምግብ ካቆመ አራት ወሩ። አዲሱ ደንብ ደግሞ አይምርም፤ በአፉ የሚበላ ከእንስሳት፣ በቆዳው ፀሐይ የሚመገብ ከዕፅዋት ይመዘገባል። ከዕፅዋት የተመዘገበ ሰው ቤት የለውም፤ ወስደው ችግኝ ጣቢያ ይተክሉታል።

መዝጋቢዋ ወጣት ናት፤ ትሕትናዋ ያስፈራል። “እትዬ፣ ጋሼ ሲበሉ ልይና እሄዳለሁ” አለች።

ዘርትሁን እንጀራውን በሽሮ አጥቅሳ ጠቀለለችና ወደ ባሏ አፍ ወሰደች።

“እንካ እንጂ፣ በሞቴ። ሠርጋችን ላይ እንኳ እንዲህ አልተግደረደርክም።”

ደምመላሽ ጎረሰ። አላመጠ፣ አላመጠ፣ አልወርድ አለው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሷ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን ጨምድዳ ያዘች። በስንት መከራ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ።

“እንስሳ” አለች መዝጋቢዋ እየጻፈች። ዘርትሁን በዕድሜዋ እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ሰምታ አታውቅም።

መዝጋቢዋ ግን መዝገቡን አልዘጋችም። ትሪውን ወደ ዘርትሁን ገፋ አደረገችው።

“እርስዎስ፣ እትዬ? ይቅመሱ እንጂ።”

“እኔማ ምን እሆናለሁ ብለሽ” አለች ዘርትሁን፤ ቀለል አድርጋ ጠቀለለች። እጇ አፏ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አራት ወር ሙሉ የእሱን አፍ ስትጠብቅ፣ ራሷ መጨረሻ የበላችበትን ቀን ልታስታውስ ሞከረች። ቀኑ አልመጣላትም።