አራቱ ምስክሮች

አራት ወንድማማቾች ቤቱን ለእነሱ ብቻ የሚያወርስ ኑዛዜ አስጽፈው በታመመች እናታቸው ራስጌ ቆሙ። ስድስት ዓመት ያስታመመቻት የሴት ልጇ የትርንጎ ስም የለበትም።

«እሷ ነገ ባል ታገባለች። ፈርሚ፣ እማዬ» አለ ትልቁ።

መነጽሯን አድርጋ ቃል በቃል አነበበችው።

«አራት ምስክር ያስፈልገዋል።»

«ጎረቤት እንጥራ?»

«እናንተ እያላችሁ ገበናዬን ለጎረቤት?»

አራቱም ደስ ብሏቸው በምስክርነት ፈረሙ። እሷም ፈረመች።

ሲወጡ ትርንጎ እንባዋን እየጠረገች ገባች።

«እኔንስ፣ እማዬ?»

«ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ታይፕ ስመታ፣ ወራሹ ራሱ የመሰከረበት ኑዛዜ ሲጸና አንድም ቀን አላየሁም። ይፈርሳል፤ ቤቱም ለአምስታችሁ እኩል ይሆናል። በይ አሁን ሾርባዬን አምጪ።»