ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ማውሱን ለቀቀና ቀና አለ። «አባባ፣ ይሄም ግንቡ ነው። ለነገው ቀብር የሚሆን የባለቤትዎ ፎቶ ጭራሽ የለም?» ባልየው የኮረብታውን ግንብ በጭጋግም፣ በፀሐይም፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ደመናው ከጀርባው ተቆልሎም አራት ሺህ ጊዜ አንስቶታል። ሚስቱ የካሜራውን ቦርሳ አንግታ ያንን ሁሉ ዳገት አብራው ወጥታለች። በወጡ ቁጥርም «ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ» ሲላት ኖሯል።

«ቆይ፣ አንድ አለ!» አለ ድንገት፣ ፊቱ በርቶ። «ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስትስቅ። እንዲያውም ያ ሁሉ ሰው የወደደልኝ እሱ ነው፤ ገጼ ላይ አለ።» አብራው የመጣችው ልጁ ስልኳን አውጥታ ፈለገችና አገኘችው። «አባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ደረጃው እኮ ባዶ ነው።» ክው አለ። ያኔ ነው ትዝ ያለው፤ ግንቡ ጥርት ብሎ እንዲታይ ብሎ በገዛ ጣቱ አሽቶ ከፎቶው አጥፍቷታል፤ ዋናውንም አላስቀረም። የረሳው ጥላዋን ብቻ ነበር። ጉልበቷን አቅፋ የተቀመጠች ሴት ጥላ ድንጋዩ ላይ ተጋድሟል።

ልጁ ስልኩን ወደ እሱ አዞረችና ከፎቶው ስር ያለውን ጽሑፍ በጥፍሯ ነካ አደረገችለት። ከሁሉ ቀድማ አስተያየት የጻፈችው እናቷ ነበረች፦ «ውይ ሲያምር! እኔንስ የት ጣልከኝ?»

ከስሩ የእሱ መልስ አለ፦ «ያማረውማ አንቺ ስለሌለሽበት ነው።»