መንጋጋ አይዋሽም

አስተማሪዋ «መንጋጋ አይዋሽም» ባይ ናት። በሕክምና ትምህርት ቤት የራስ ቅል አጥንትና ጡንቻ ስታስተምር ዕድሜዋ ሄዷል። ተማሪዎቿ «እትዬ መንጋጋ» የሚሏት ወደው አይደለም። ሰው አፉን ገጥሞ ቢያኝክ እንኳ ጆሮ ግንዱ ላይ ያለው ጡንቻ ይነሳል፣ ይወርዳል። እሱን ማን ይደብቀዋል?

ሰሞኑን የምትጠብቀው የባሏን ጆሮ ግንድ ነው። ሰውዬው ስኳር አለበት፤ ሐኪሙም «ጣፋጭ ካልተውክ እግርህን ታጣለህ» ብሎታል። ለእንግዳ የተገዛው ብስኩት ግን ከተቆለፈበት ቁም ሳጥን እየጎደለ ነው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትተኛለች፤ ጠዋት የብስኩቱ ቆርቆሮ ቀሎ ይገኛል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም።

«እንቅልፌ ከባድ መሆኑን ታውቃለህ። ካንገቴ ትፈታዋለህ!»

«አንቺ ትሙቺ፣ አልነካሁም።»

«ታዲያ ጂኒ በላው? ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አሉ!»

«ብነግርሽ አታምኚኝም» አለና ጋዜጣው ውስጥ ተደበቀ።

ጋዜጣውን ነጠቀችው። እንባዋ መጣ። «አንተ ሞኝ፣ ብስኩቱ ምኔ ነው? አንተን ማጣት ነው የፈራሁት!»

ንዴቱ ለራሷም ተረፋት። ጠዋት ጠዋት መንጋጋዋን ያማታል። ቀሚሷ እንኳ ጠቧታል፤ ሙቅ ውሃ ነው ያኮማተረው ብላለች።

በመጨረሻ ባሏን እየጎተተች የቀድሞ ተማሪዋ የሆነ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

«ይህን ሰውዬ መርምርልኝ! ሲያኝክ የሚያድር ሰው ጡንቻው ይናገራል።»

ሐኪሙ የባልየውን ጉንጭና ጆሮ ግንድ ዳበሰ፣ አፉን አስከፈተ፣ አስገጠመ። «ለስላሳ ነው፣ እትዬ። እሳቸው ሌሊቱን በሰላም ነው የሚተኙት።»

«አይሆንም! ደግመህ እየው!» ስትል መንጋጋዋ ቀጭ አለ። ጉንጯን ይዛ አቃሰተች።

ሐኪሙ ባልየውን አስነስቶ እሷን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ጆሮ ግንዷን ጫን አደረገ። ድንጋይ ሆኗል።

«ወይ ጉድ! እርስዎ ነዎታ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩት! ብዙ ሰው በጭንቀት እንዲህ ያደርገዋል።» ወደ ባልየው ዞረ። «ጋሼ፣ እትዬ እንቅልፍ ላይ ሆነው ባዶ አፋቸውን ያኝካሉ?»

ባልየው ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ፤ ሚስቱን በስስት አያት።

«ባዶውንስ አይደለም፣ ዶክተር።»