ቀይ ኮት ለባሿ

ማርሌንና ባሏ ዮሪስ ቅዳሜና እሁድን ቦይ ዳር ሊያሳልፉ የቤልጂየሟ ብሩዥ ከተማ ሲደርሱ፣ የማረፊያው ባለቤት የሆኑት አንዲት አሮጊት በር ላይ ማርሌንን አቅፈው ሳሟት። «ደግሞ መጣሽልኝ! ቀይ ኮትሽን የት ጣልሽው?»

ማርሌን እዚህ ከተማ ረግጣ አታውቅም፤ ቀይ ኮትም የላትም። «ማንን ይዘህ ነበር የመጣኸው?» ብላ ባሏ ላይ አፈጠጠች።

«እናቴ ትሙት፣ መጥቼ አላውቅም!» አለ ዮሪስ፤ ዳቦ ልግዛ ብሎም ወጣ።

ቅናት እየለበለባት መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ከውጭ በኩል፣ ሰው ቤቱ ሆኖ መንገደኛ የሚሰልልባት ትንሽ መስታወት ተሰቅላለች። በመስታወቷ ውስጥ ዮሪስ ቀይ ኮት ከለበሰች ሴት ጋር ተቃቅፎ ቦዩ ላይ ባለው ድልድይ ሲስቅ አየችው።

«ያዝኩህ!» ብላ ስትነሳ በሩ ተከፈተ። ዮሪስ ብቻውን ነው፤ ቀይ ኮት ይዟል። «በቃ ታረቂኝ፤ አሁን ገዛሁልሽ።»

ወደ መስታወቷ ዞረች። ሁለቱ አሁንም ድልድዩ ላይ ናቸው። ሴትየዋ ቀና አለች።

የማርሌን የራሷ ፊት ነው። እሷ ግን ከዮሪስ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም።