ሻማው እስኪያልቅ

እናታችን ከሞተች በኋላ የመጀመሪያው የአይሁድ የብርሃን በዓላችን፣ የሐኑካ፣ ምሽት ነበር። ሻማውን አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ለኮስነው። ሃይፋ በሚገኘው ቤቷ ውስጥ እኔና ታናሽ እህቴ ሽፍራ ብቻ ነበርን። በዘይት ለሚጠበሰው የበዓሉ የድንች ቂጣ፣ ለላትኬው፣ ድንቹን፣ ካሮቱንና ዝኩኒውን ከሽንኩርት ጋር ፈቅፍቄ፣ ውሃውን በጨርቅ ጨምቄ አንድ ሳህን ሞልቻለሁ። መጥበስ ብቻ ቀርቶኛል። ጥቂት ድንች ሳይላጥ ተርፏል።

"ለእኔ ሽንኩርት የሌለበት አላስቀረሽልኝም?" አለች ሽፍራ።

"እሱን የምትለይልሽ እማዬ ነበረች። ስታጣጥር ስምሽን እየጠራች ስትጠብቅሽ የት ነበርሽ?"

"ጀመረሽ ደግሞ! ይልቅ ተነሺና ጥበሺ፤ ራበኝ።"

"ሻማው እየበራ?"

"አይ ሬዝል! ሞታም ትፈሪያታለሽ?"

በእኛ ቤት ሻማው እስኪያልቅ ሴት ሥራ አትነካም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ያኔ ከወጥ ቤት የመፈቅፈቂያው ድምፅ መጣ። ሁለቴ ይፈቀፍቅና ያርፋል፣ ሁለቴ ይፈቀፍቅና ያርፋል፤ እማዬ እጇን እያመማት ታደርገው እንደነበረው።

ሽፍራ እጆቼን አየች። "እማዬ እኮ ሻማ እየበራ አትሠራም" አለች በሹክሹክታ።

"የሞተ ሰው ከትእዛዝ ነፃ ነው" አልኳት።

ሻማው ሲያልቅ ድምፁም ቆመ። ወጥ ቤት ስንገባ ከእኔ ሳህን አጠገብ ሌላ ትንሽ ሳህን ነበር፤ ድንቹ ተፈቅፍቆ፣ ውሃው ተጨምቆ። አሸተትኩት፤ ሽንኩርት የለበትም።

እማዬ ታማ ሳለች ዓመት ሙሉ ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነበርኩ።

ጠበስኩት። ሽፍራ አንድ ሳታስቀር በላችው።