የሙሐመድጣሂር ኮርማ

ሽኩር ካራውን በሞረድ ይስላል። ድምፁ የጭራሮውን ግድግዳ አልፎ ሐሚዳ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ኮርማው እዚያው አጠገቡ፣ ከቁርቁራው ግንድ ላይ ታስሮ፣ ነገር ዓለሙን ረስቶ ያመሰኳል። ደግሞ እንዴት ያለ ኮርማ! ቀይ፣ ሻኛው የሞላ፣ ጦርነቱ በረቱን ጠርጎ ሲወስደው ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ የተረፈ ብቸኛ ከብት ነው።

ሐሚዳ ወጥታ የሽኩርን እጅ ብትይዘው ደስ ባላት። ግን ባሏ ሙሐመድጣሂር ጣሊያን መተማን ለቆ በሄደ ሰሞን ሞቶ፣ ዛሬ ገና አርባው ነው። ኢዳዋን፣ ባል የሞተባት ሴት ቤት የምትቆይበትን አራት ወር ከአስር ቀን፣ ሳትጨርስ ወንድ ወደሞላበት ግቢ አትወጣም። የቀራት ምላሷ ብቻ ነው፤ እሱንም ከትናንት ጀምራ አላሳረፈችውም።

«ሽኩር! ያንተ ሁለት ፍየሎች ለሰደቃው ይበቃሉ ብዬሃለሁ» አለች በግድግዳው ቀዳዳ።

«ፍየል? ለወንድሜ?» ሽኩር ሞረዱን ወረወረው። «ሰው ምን ይለናል እታለም? ከኮኪት እስከ አብርሃ ጅራ ደህና የምትታለብ ላም ሁሉ የሱ ኮርማ ዘር ናት። በአርባው ፍየል አበሉን ተብሎ ይወራብን?»

«ታዲያ ዘሩን ልታጠፋው ነው?»

«ሰውየው ሄደ እኮ! ሥራውም አብሮት አለቀ። ቢያንስ በክብር ይለቅ።»

ሽኩር ክፉ ሆኖ አይደለም። ወንድሙን ይወድ ነበር፤ ያልወደደው ላሞቹን ነው። ሙሐመድጣሂር ድሮ ቡና ወደ ገዳሪፍ እየወሰደ፣ አቡጀዲ ወደ ጎንደር እየመለሰ ስሙ የተጠራ ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ግመሎቹን በሙሉ ሸጦ፣ ከሱዳን፣ ከቡጣና ሜዳ፣ አንድ ወይፈን እየጎተተ መጣ። ገበያው ሁሉ ሳቀበት። «ያ ሁሉ ነጋዴ የላም ጭራ ተከታይ ሆኖ ቀረ» ተባለ፤ መጀመሪያ ያለውም ይሄው ሽኩር ነው። የዛሬው ኮርማ የዚያ ወይፈን የልጅ ልጅ ነው።

ላም ሊያስጠቃ፣ ከኮርማው ሊያገናኝ ለመጣ ሁሉ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ የሙሐመድጣሂር በር ክፍት ነበር። ሰላት ላይ ካልሆነ በቀር ምግቡን ጥሎ ይነሳል። ዋጋ አይቀበልም። የሚጠይቀው፣ የተወለደችው ጊደር አድጋ ስትወልድ ወተቷን አምጥተው እንዲያስቀምሱት ብቻ ነው። የየትኛዋ ላም ወንድ ጥጃ ለኮርማነት እንደሚቀር የሚለየው በዚያ ነበር። ይቀምሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ «ገና ነው» ይላል። ሁልጊዜ «ገና ነው»! ማለት ከዚህ የተሻለ ይመጣል፣ ሥራው አላለቀም ነው። ሐሚዳ በሽቃ፣ «አንተ ሰው፣ ከጀነት ወተት ቢመጣልህም ገና ነው ትላለህ!» ስትለው ይስቅባታል።

በግቢው በር ላይ ላም እምቧ አለች። ኮርማው ማመስኳቱን ተወና ጆሮውን አቆመ።

«ቤቶች!»

እማማ አየሁሽ ናቸው፤ ከኮኪት መንገድ የሚመጡ ክርስቲያን ባልቴት። በአንድ እጃቸው ላም ይጎትታሉ፣ በሌላው ቅል አንጠልጥለዋል።

«እግዜር ያጥናችሁ ልጆቼ! ለልቅሶ ብዬ ስነሳ ይቺ ጉደኛ ኮርማ ፈለገች። ምን ላርጋት? እሷ እንደሁ ሐዘን አታውቅ!»

አንድ ሽማግሌ ሳቃቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ አፈኑት።

«እማማ፣ ኮርማው እኮ ሊታረድ ነው» አለ ሽኩር።

«ሊታረድ?» ባልቴቷ ባሉበት ቆሙ። «እንግዲያ ይሄን ማን ሊቀምስልኝ ነው? የዚችው የልጇ ወተት ነው፤ ከዚሁ ኮርማ የወለደቻት። ላመጣለት ስል ጦርነቱ መንገድ ዘጋብኝ፤ መንገዱ ሲከፈት እሱ የለም። ቃል ገብቼለት ነበር። እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፣ ጠብታ በአፌ አይገባም። እናንተ ቅመሱለት።»

ሽኩር ቅሉን ተቀብሎ ተጎነጨ። ደግሞ ተጎነጨ። ዕድሜውን ቡና ሲያሸት የኖረ ሰው ነው፤ ወተት ግን ለሱ ያው ወተት ነው። ግራ ገብቶት ወደ ግድግዳው መጣና ቅሉን በበሩ መጋረጃ ስር አሳለፈላት።

«እታለም፣ ቅመሽው። እኔ አላውቅበትም። አንቺ አጠገቡ ኖረሻል።»

ሐሚዳ ቀመሰች። ወፍራም ነው፣ ምላስ ላይ የሚቆይ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ተቀምሶ አያውቅም። ወይኔ ሙሐመድጣሂር! ምናለ ትንሽ ቢቆይና ይሄን ቢቀምስ! እንባዋ ቅሉ ላይ ጠብ አለ። ምን ይል ነበር? ይሄን ጊዜስ «ደረሰ» ይል ነበር? ኧረ ወዲያ፣ ያ ሰውዬ? በእንባዋ መሃል ሳቋ አመለጣት።

ውጭ ሁሉም ይጠብቃታል። ካራው አሁንም ሽኩር እጅ ላይ ነው።

«እህስ?» አላት።

ሐሚዳ ዓይኗን ጨፈነች። ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«ገና ነው!» አለች።

የሽኩር ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ይሳቅ ያልቅስ፣ ሐሚዳ በቀዳዳው አልለየችም። ካራውን ለሽማግሌው አቀበለና «ፍየሎቼን አምጡ» አለ። ጎንበስ ብሎም የኮርማውን ገመድ ከግንዱ ፈታ።

«እማማ» አለ ቀና ሳይል፣ «ጊደር ከወለደች ወተቷን እዚሁ ነው የምታመጡት።»

«ታዲያ የት ልወስደው ኖሯል?»

ኮርማው የላሚቱን ሽታ ይዞ ወደ በረቱ ጀርባ አመራ። ሽኩርም ለሰደቃ የለበሰውን ነጭ ጀለቢያ በአንድ እጁ ሰብስቦ፣ ጭራውን ተከትሎ ሄደ።