ያልተበወዘው ሰማይ

ክው ብዬ ቀረሁ። ስክሪኑ ላይ በተዘረጋው የሰማይ ካርታ ጥግ፣ አንድ ቀይ ነጥብ ቦግ ብሏል።

«በውዘሽዋል አይደል?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ፕሮግራመር። ቀልድ ስለማያልቅበት ቢሮው በሙሉ ፌዙ ይለዋል። አሁን ግን እየቀለደ አልነበረም።

አልበወዝኩም።

ኒውትሪኖ የሚባሉት ኢምንት ነገሮች ከሕዋ መጥተው ተራራውንም እኛንም ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ መሣሪያችን የሚይዘው ጥቂቶቹን ነው። እነዚያ ጥቂቶች ከአንድ ቦታ ይነሱ እንደሆነ፣ ወይስ እንዲያው በአጋጣሚ ይገጣጠሙ እንደሆነ ለመለየት ስንት ዓመት ለፋን። ሰው የተመኘውን ማየት ይወዳል። ስለዚህ የስሌቱ መንገድ እስኪጸድቅ ድረስ የመጡበትን አቅጣጫ እንደ መጫወቻ ካርታ በውዘን ነው የምንሠራው። እውነተኛውን ቀድሞ ያየ ሰው ስሌቱን አይነካም። እኔ ቀዥቃዣዋ ለሙከራ ብዬ አንዲት ትእዛዝ ዘነጋሁና እውነተኛውን ሰማይ ገለጥኩት፤ ቀዩ ነጥብ ደግሞ ከአንድ ቦታ ይነሳሉ ማለት ነው።

ስክሪኑን አጠፋሁ።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለ ፌዙ ቀስ ብሎ። «አንቺም አላየሽም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅብንም። የፈራሁትም እሱኑ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በማስተካክላት በእያንዳንዷ ቁጥር እጄ ሳላውቀው ወደዚያ ነጥብ እንደሚያጋድል ታወቀኝ።

በሩ ተከፈተና የቡድናችን ኃላፊ ጋሼ መነጽራቸውን እየጠረጉ ገቡ። ይህን መልስ ሲጠብቁ ነው የሸበቱት።

«ጋሼ፣ እንዳይጠጉ» አልኩ። «ሳልበውዝ አስኬድኩት። ሁለታችንም አይተናል።»

ባሉበት ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በተቆጡኝ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«እንግዲህ ከሦስታችን ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «የቀረውን ብቻዬን እሠራዋለሁ። አንቺም እሱም ከሥራው ወጥታችኋል፣ ልጄ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ቀና ስል ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ፊትሽን አዙሪ» አሉኝ። «እባክሽ አዙሪልኝ። መልሱን እንዳላነብበት።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከኋላዬ ጠረጴዛውን እየዳበሱ ሲቀመጡ ይሰማኛል። እንባዬ እየወረደ አፌን በሁለት እጄ አፍኛለሁ፤ ፈገግታዬ በማጅራቴ በኩል የሚታያቸው እየመሰለኝ ፈራሁ።